ከበሰበሰ ድንች ሥር ያለው አፈር፦ ለደም ካንሰር ሕክምና የሚውል ኢንዛይም የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን ድሬዳዋ ላይ እንዴት እንፈልግ

ቀፊራ ገበያ ድንች ከሚሸጥበት ጥግ፣ ሻጮቹ የተበላሸውን እየለዩ የሚጥሉበት ጥቁርና እርጥብ አፈር አለ። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ የማግዛቸው የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎች "ናሙናውን ከየት እንውሰድ?" ሲሉኝ ግን መጀመሪያ የምልካቸው ወደዚያ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ድንች ውስጥ ካሉት ነጻ አሚኖ አሲዶች በብዛት የሚገኘው አስፓራጂን ነው። ድንችን አሟሽሸው ውሃ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች፣ ቀድሞ ሁሉም ኤርዊኒያ ይባሉ የነበሩት፣ ይህን አስፓራጂን ሰብረው የሚመገቡበት አስፓራጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው። ከእነሱ ወገን የሆነው ኤርዊኒያ ክሪሳንተሚ የሚሠራው አስፓራጂኔዝ ዛሬ የደም ካንሰር ላለባቸው ልጆች በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ስለዚህ አስፓራጂን የሚበላ ባክቴሪያ የሚፈልግ ሰው አስፓራጂን ወደተከማቸበት መሄድ አለበት። ብዙ ተማሪ ግን ከግቢው በር ላይ አንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ዘግኖ ይመጣና ሁለት ወር ይለፋል።

ይህ መመሪያ ስለ አስፓራጂኔዝ ብቻ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟ ኢንዛይም የምትፈልጉ ከሆነ መርሁ ያው ሆኖ ባክቴሪያው በሚዘራበት የላብ ሳህን ላይ የሚቀርበው ምግብ ይለወጣል፤ በአስፓራጂን ፋንታ የረጋ ደም ክር የሆነው ፋይብሪን ይሆናል።

ኢንዛይሙ ምን ይሠራል?

አስፓራጂንን ወደ አስፓርቲክ አሲድና አሞኒያ ይከፍለዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ጤነኛ ሴል አስፓራጂን ቢያጣ ራሱ ይሠራል። በአጣዳፊው የሊምፎብላስት ደም ካንሰር የሚባዙት ሴሎች ግን አብዛኞቹ ይህን በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችሉ ከደም ውስጥ የሚያገኙትን ይጠብቃሉ። ኢንዛይሙ ደሙ ውስጥ ያለውን ሲጨርስባቸው ይራባሉ። ፍንጩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ኪድ የጊኒ ፒግ ሴረም በአይጥ ላይ ያለ የሊምፍ እጢ ካንሰርን እንደሚያጠፋ ባየ ጊዜ ነው። ጆን ብሩም በ1961 ሥራውን የሚሠራው አስፓራጂኔዝ መሆኑን አሳየ። በ1964 ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ያንኑ የሚያደርግ ኢንዛይም እንዳለው ታወቀ፤ መድኃኒቱም በ1978 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ።

አዲስ ምንጭ አሁንም የሚፈለገው ለምንድን ነው? የኢ. ኮላዩ ኢንዛይም በአንዳንድ ልጆች ላይ ከባድ አለርጂ ያስነሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ኤርዊኒያው ይዞራል። የኤርዊኒያው ደግሞ ደም ውስጥ ቶሎ ይጠፋል፤ ግማሹ የሚያልቀው በ0.65 ቀን ገደማ ሲሆን የኢ. ኮላዩ 1.24 ቀን ይቆያል። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ለዚህ ሕክምና አዲስ አበባ ስታመላልስ አይቻለሁ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ መድኃኒቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ይበላሻል። ሳህን ላይ የወጣች አንዲት ኮሎኒ (ከአንድ ባክቴሪያ ተባዝቶ በዓይን የሚታይ ክምችት) መድኃኒት እስክትሆን ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም የመጀመሪያው እርምጃ እኛ ጋ፣ ባለን ዕቃ የሚሠራ ስለሆነ በደንብ እንሥራው።

ቦታ መምረጥ

በእኔ ግምት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የበሰበሰ ድንች የሚጣልበት አፈር፤ ቀፊራ ወይም ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረማያና አወዳይ አካባቢ ድንች ከማሳ ተነቅሎ የሚለቀምበት ቦታ። ሁለተኛ፣ ቅጠላ ቅጠልና የወጥ ቤት ትራፊ የሚበሰብስበት የኮምፖስት ጉድጓድ። ሦስተኛ፣ ውሃ የሚጠጣ የአትክልት ማሳ፣ ከተክሉ ሥር ጋር የተጣበቀው አፈር። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ መጨረሻ ላይ ነው፤ ደረቅ ነው፣ በዚያ ላይ የበሰበሰ ነገር የለበትም።

አሁን የምነግራችሁን ግን በጥብቅ ያዙት። ከብት ሞቶ ከተጣለበት ወይም ከተቀበረበት፣ ከእርድ ቦታ፣ ቆዳ ከሚሰጣበት አፈር አትውሰዱ። አባ ሰንጋ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር (ስፖር) ሠርቶ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል፤ እናንተ የምታዘጋጁት ሳህን ላይም ሊነቃ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ተማሪ ላብ ውስጥ የሚነካ አይደለም። ማሳው የገበሬ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌዎቹን፣ ጥላ ሥር ያሉትን፣ መጀመሪያ ሰላም በሉና አስፈቅዱ፤ ምን እንደምትሠሩም በእውነት ንገሯቸው። ቀፊራ ላይ አንዲት ሻጭ "የበሰበሰውን ምን ልታደርገው ነው ልጄ?" ብለውኝ፣ "እናቴ፣ ድንቹን የሚያበሰብሰው ጀርም ለካንሰር መድኃኒት የሚሆን ነገር ይሠራል፤ እሱን ነው የምፈልገው" ስላቸው፣ ተነሥተው የሦስት ቀኑንና የሳምንቱን ለይተው አሳዩኝ። የቆየበትን ጊዜ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ማስታወሻዬ ላይ የሰፈረው ቀንም የእሳቸው ነው።

ናሙና መውሰድ

ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ውጡ። የድሬዳዋ ፀሐይ ከተነሣች በኋላ ላስቲክ ውስጥ የታሰረ አፈር ያልበዋል፣ ይሞቃል፤ ላብ እስክትደርሱ ድረስ ሙቀቱን የሚወዱት ብቻ ይበዛሉ። ጓንት አድርጉ፤ ቲታነስም አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው።

ላይ ያለውን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ገፍፋችሁ ጣሉት፤ ፀሐይ የጠበሰው ነው። ስፓቱላውን ወይም ማንኪያውን አልኮል ነክራችሁ እሳት አስነኩትና ሲቀዘቅዝ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ላይ 50 ግራም ያህል ውሰዱ። ከአንድ ቦታ አምስት ጫፍ ላይ ወስዳችሁ አቀላቅሉት። አዲስ ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ አየሩን አውጥታችሁ እሰሩት። ላስቲኩ ላይ በማይጠፋ ማርከር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ጥልቀቱን ጻፉ፤ በስልካችሁም የቦታውን መለያ መዝግቡ። በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አድርጉት፤ አፈሩ ግን በረዶውን በቀጥታ አይንካው። በዚያው ቀን ካልዘራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ አታቆዩት።

ሳህኑን ማዘጋጀት

ሐሳቡ ቀላል ነው። ባክቴሪያው ናይትሮጅን የሚያገኘው ከአስፓራጂን ብቻ እንዲሆን እናደርጋለን። ኢንዛይሙ ያለው ይሰብረዋል፣ አሞኒያ ይወጣል፣ ሳህኑ ወደ አልካሊ ያዘነብላል፤ ውስጡ ያለው ፌኖል ሬድ የተባለ ቀለምም ከቢጫ ወደ ሮዝ ይለወጣል። የምንጠቀመው ኤም9 የሚባለውን የጨው ምግብ ነው።

ለ200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ወደ 10 ለሚጠጉ ሳህኖች፦ ዲሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት (ባለ ሁለት ውሃው) 1.2 ግራም፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.6 ግራም፣ የምግብ ጨው (ንጹሑ የላብ ሶዲየም ክሎራይድ) 0.1 ግራም፣ ምግቡን የሚያረጋው አጋር 4 ግራም። እነዚህን በ147 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ቀላቅላችሁ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) 6.8 ላይ አድርጉና በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ውስጥ አስገቡት።

የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ስለሆነ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲተው ሁላችንም አይተናል። ያ ካልሲየም ከፎስፌቱ ጋር ሲገናኝ ሳህኑ ደመናማ ይሆንና ቀለሙን ማንበብ ያቅታችኋል።

አስፓራጂኑን ለብቻው አዘጋጁት። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሊትር ከ30 ግራም በታች ስለሆነ፣ እንደ ሌሎች ስቶኮች 20 በመቶ አድርጌ ላዘጋጀው ብትሉ እታች ይቀራል። 1 ግራም ኤል-አስፓራጂን በ50 ሚሊ ሊትር ለብ ባለ ውሃ አሟሙና በ0.22 ማይክሮ ሜትር የመርፌ ፊልተር አሳልፉት። ጠርሙሱ ላይ "ሞኖሃይድሬት" ከተባለ 1.14 ግራም ይሁን። አውቶክሌቭ ውስጥ የገባ አስፓራጂን በሙቀቱ ከፊሉ ይሰበርና አሞኒያ ይለቅቃል፤ ስለዚህ ነው ፊልተሩን የምመክረው። ፊልተር ከሌላችሁና አብራችሁ ከምታፈሉት ባዶውን ሳህን በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ ባክቴሪያ ሳይነካው ሮዝ እየሆነ ከሆነ ያ ቅልቅል ለምንም አይሆንም።

አጋሩ ወደ 55 ዲግሪ ሲበርድ፣ ማለትም ጠርሙሱን በእጅ መያዝ ሲቻል፣ ሞቅ ያለውን አስፓራጂን 50 ሚሊ ሊትር፣ 20 በመቶ ግሉኮስ 2 ሚሊ ሊትር፣ 1 ሞላር ማግኒዥየም ሰልፌት 0.4 ሚሊ ሊትር፣ 2.5 በመቶ የፌኖል ሬድ ስቶክ 0.7 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። 0.1 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ 0.2 ሚሊ ሊትር የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ከፎስፌቱ ጋር ይረጋል። ሁሉም የሚጨመር ነገር ከጀርም የጸዳ ይሁን። በየሳህኑ 20 ሚሊ ሊትር አፍስሱ። ቀለሙ ቢጫ ወይም ፈዛዛ ብርቱካን መሆን አለበት።

በተመሳሳይ መንገድ ሁለተኛ ጠርሙስ አዘጋጁ፤ በአስፓራጂን ፋንታ ሶዲየም ናይትሬት ይግባበት። ይህን ሳህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለምን መዘለል እንደሌለበት ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መዝራት

1 ግራም አፈር በ9 ሚሊ ሊትር የጸዳ የጨው ውሃ (0.85 በመቶ) ውስጥ አድርጋችሁ በደንብ ነቅንቁ፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ወደ ቀጣዩ 9 ሚሊ ሊትር እያሻገራችሁ እስከ አንድ ሚሊዮንኛ አቅጥኑት። ከሺኛው፣ ከአሥር ሺኛውና ከመቶ ሺኛው 0.1 ሚሊ ሊትር ሳህን ላይ ዘርግፉና በመስታወት ዘንግ አዳርሱት። የድንች ጥራጊው አፈር ሕይወት የበዛበት ስለሆነ ሚሊዮንኛውንም ጨምሩ። ሻጋታ ከበዛባችሁ ኒስታቲን የተባለውን ፀረ ሻጋታ መጨመር ይቻላል፤ ወዲያውኑ በየኮሎኒው መርጦ መውሰድም ያዋጣል።

ግማሹን ሳህን በ30፣ ግማሹን በ37 ዲግሪ አስቀምጡ። ድንች አበስባሾቹ 37 ላይ አይመቻቸውም፤ ብዙ ተማሪ ኤርዊኒያ ፈልጎ 37 ላይ ብቻ አስቀምጦ ያጣዋል። ኢንኩቤተሩ አንድ ብቻ ከሆነ 37ቱን ለእሱ ስጡና 30ውን ጥላ ያለው ክፍል ውስጥ ቴርሞሜትር አጠገቡ አድርጋችሁ አቆዩት፤ ድሬዳዋ ቀን ቀን ብዙውን ጊዜ 30 ገደማ ናት፤ ሌሊትና ከኅዳር እስከ ጥር ግን ቀዝቀዝ ስለምትል ቴርሞሜትሩን እዩ።

ሮዙን ማንበብ

ይህ ክፍል ሥራው የሚቀናበትም የሚበላሽበትም ስለሆነ በእርጋታ እንሂድ።

ሳህኖቹን በ24 ሰዓትና በ48 ሰዓት እዩ። ከዚያ በላይ አትጠብቁ። አሞኒያ ጋዝ ነው፤ አጋር ውስጥም ይሄዳል፣ ከክዳኑ ሥር ባለው አየርም ይሄዳል። አንድ ብርቱ ኮሎኒ ጎረቤቶቹን ሁሉ ሮዝ ሊያለብሳቸው ይችላል። በሦስተኛው ቀን ከላይ እስከ ታች የቀላ ሳህን ይዞ "ሁሉም አወንታዊ ናቸው" ብሎ የሚመጣ ተማሪ በየዓመቱ አለ፤ ያን ሳህን ጥሎ በበለጠ የቀጠነ እንደገና ከመዝራት ሌላ መፍትሔ የለውም። አንድ ሳህን ላይ ከ30 እስከ 100 ኮሎኒ ቢኖር ዞኖቹ ይለያያሉ።

ለእያንዳንዱ ኮሎኒ ሁለት ነገር ለኩ፦ የሮዙን ክብ ስፋትና የኮሎኒውን ስፋት። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ትልቅ ሮዝ ያለው ትልቅ ኮሎኒ ዓይን ይስባል፤ እኔ ግን ትንሽ ኮሎኒ ሆኖ ሰፊ ሮዝ ያለውን እወዳለሁ።

አሁን ወደ ናይትሬቱ ሳህን እንመለስ። ፌኖል ሬድ የሚያውቀው ፒኤችን ብቻ ነው። አስፓራጂን ይሰበር አይሰበር እሱ አያውቅም። አንዳንድ ባክቴሪያ በሌላ ምክንያት አካባቢውን አልካሊ ያደርጋል። ስለዚህ ሮዝ ያሳየውን እያንዳንዱን ኮሎኒ በንጹሕ ሉፕ ነክታችሁ ጎን ለጎን በሁለት ሳህን ላይ ነጥብ አድርጉት፤ አንዱ ባለ አስፓራጂን፣ አንዱ ባለ ናይትሬት። ሦስተኛ ሳህን ምንም ሳይዘራበት አብሮ ይቀመጥ። አስፓራጂን ላይ ሮዝ፣ ናይትሬት ላይ ቢጫ፣ ባዶው ላይ ቢጫ ከሆነ ያ ኮሎኒ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሁለቱም ላይ ሮዝ ከሆነ ተዉት። በእኔ ልምድ ከመጀመሪያዎቹ ሮዞች ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሲወድቁ ማየት ያናድዳል፤ ከአራት ወር በኋላ ፈታኝ ፊት መውደቅ ግን የባሰ ነው።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። ግሉኮስ ሲበሉ ብዙ አሲድ የሚያወጡ ባክቴሪያዎች አሞኒያቸውን በራሳቸው አሲድ ይሸፍኑታል፤ ኢንዛይሙ እያላቸው ቢጫ ሆነው ይቀራሉ። ጥሩ ያደገ፣ ግን ቢጫ የሆነ ኮሎኒ ካያችሁ ግሉኮስ በሌለበት ሳህን ላይ አንድ ጊዜ ዕድል ስጡት። የምግቡ ፎስፌትም የፒኤች ለውጥን የሚቋቋም ስለሆነ ደካማውን ይደብቃል፤ ደካማው ስለማያስፈልገን ግን ይህ ብዙ አያስጨንቀኝም።

ያለፉትን ኮሎኒዎች በተራ ኒውትሪየንት አጋር ላይ ሦስት ጊዜ እየጫራችሁ አጥሩ። በየጊዜው አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቀለም ብቻ መውጣቱን አረጋግጡ። ከጠራም በኋላ ወደ ሮዙ ሳህን መልሱት፤ ሮዙን የሠራው የጠፋው አብሮ አደግ እንዳይሆን።

በቁጥር መለካት

የተጣራውን ባክቴሪያ አጋርና ቀለም በሌለበት በዚያው ምግብ 50 ሚሊ ሊትር ውስጥ ለ24 ሰዓት እያነቃነቃችሁ አሳድጉ። በሴንትሪፊውጅ ለዩት። ከላይ የቀረውን ፈሳሽ አንድ ቦታ፣ የታችኛውን ሴል ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ሁለቱም ይለካሉ። በኢ. ኮላይም ሆነ በኤርዊኒያ ለሕክምና የሚፈለገው ዓይነት የሚቀመጠው በሁለቱ የሴል ሽፋኖች መሀል ስለሆነ፣ ፈሳሹን ብቻ የለካ ሰው "የለም" ብሎ ይተወዋል። ሴሉን በ0.05 ሞላር ትሪስ ባፈር (ፒኤች 8.6) ሁለት ጊዜ እጠቡና ከጥቃቅን የመስታወት ዶቃ ጋር በቮርቴክስ 30 ሰከንድ ምቱት፣ 30 ሰከንድ በረዶ ላይ አሳርፉት፤ አሥር ጊዜ ደጋግሙት።

መለኪያው እንዲህ ነው። የኢንዛይም ናሙና 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ትሪስ ባፈር 0.2 ሚሊ ሊትር፣ 0.01 ሞላር አስፓራጂን 1.7 ሚሊ ሊትር። በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ልክ 10 ደቂቃ። ከዚያ 1.5 ሞላር ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ 0.5 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ ሥራውን አቁሙትና ሴንትሪፊውጅ አድርጉ። ከላዩ 0.5 ሚሊ ሊትር በ7 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ አድርጋችሁ 1 ሚሊ ሊትር የኔስለር መፍትሔ ጨምሩ፤ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በ450 ናኖሜትር አንብቡ። አሞኒያ ካለ ቢጫ እስከ ቡናማ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ናሙና የራሱ ባዶ ማነጻጸሪያ (ብላንክ) ይኑረው፤ አሲዱ ከኢንዛይሙ በፊት የገባበት። ባክቴሪያው ሲያድግ የለቀቀው አሞኒያ ፈሳሹ ውስጥ ስላለ፣ ያ ካልተቀነሰ የትናንቱን አሞኒያ እንደ ዛሬ ሥራ ትቆጥሩታላችሁ።

ለማነጻጸሪያው መስመር አሞኒየም ክሎራይድ ተጠቀሙ። ብዙ መመሪያ አሞኒየም ሰልፌት ይላል፤ ያ ግን በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ ሁለት አሞኒየም ስላለው የረሳ ሰው ውጤቱ በእጥፍ ይሳሳታል። 0.0535 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊሞላር ይሆናል፤ አሥር እጥፍ አቅጥናችሁ ከ0.1 እስከ 1 ሚሊ ሊትር ስትወስዱ ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮሞል ታገኛላችሁ። ከእነዚህም ጋር እንደ ናሙናው ያለ የአሲድና የባፈር መጠን ይግባ፣ የመጨረሻውም መጠን እኩል ይሁን።

አንድ ዩኒት ማለት በ37 ዲግሪ በደቂቃ 1 ማይክሮሞል አሞኒያ የሚለቅቅ የኢንዛይም መጠን ነው። ከላይ ባለው መጠን ከሠራችሁ፣ በ0.5 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ያገኛችሁትን ማይክሮሞል በ5 ስታባዙት የናሙናችሁ ዩኒት በሚሊ ሊትር ይወጣል። አምስቱ የመጣው ጠቅላላው 2.5 ሚሊ ሊትር ስለሆነና እኛ የለካነው 0.5ቱን ብቻ ስለሆነ ነው፤ 0.1 ሚሊ ሊትሩና 10 ደቂቃው ሲባዙ 1 ስለሚሆኑ ምንም አይለውጡም። መጠኑን ከቀየራችሁ ስሌቱም ይቀየራል።

ኔስለር ሜርኩሪ አለበት። ሲንክ ውስጥ አትድፉት። ይህች ከተማ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። "የሜርኩሪ ዝቃጭ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ አጠገባችሁ ይሁን፣ ሁሉም እዚያ ይግባ፤ ጠርሙሱንም ለላቡ ኃላፊ አስረክቡ።

ለሕክምና ይሆናል የሚያሰኘው ምንድን ነው?

አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ "ይህን ያህል ዩኒት አገኘሁ" ብሎ ያበቃል። ለታመመ ልጅ ግን ሦስት ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉ፤ ሦስቱም በተማሪ ላብ ይሞከራሉ።

የመጀመሪያው፣ ትንሽ አስፓራጂን ላይ ይሠራል ወይ? የሚለው ነው። በሰው ደም ውስጥ ያለው አስፓራጂን 50 ማይክሮሞላር ገደማ ነው፤ እኛ ከላይ የሰጠነው ደግሞ 8.5 ሚሊሞላር ነበር፣ 170 እጥፍ። ድግስ ላይ ጥሩ የሚበላ ሁሉ ፍርፋሪ አይለቅምም። ባክቴሪያዎች ሁለት ዓይነት አስፓራጂኔዝ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሴል ውስጥ የሚቀመጠው ብዙ ሲያገኝ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ለሕክምና የማይረባ ነው። መለያው፦ አስፓራጂኑን ወደ 1 ሚሊሞላር ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት፤ አሞኒያው ስለሚያንስ ከላዩ 0.5 ሳይሆን 2 ሚሊ ሊትር ውሰዱ፣ ውሃውንም በዚያው ልክ ቀንሱ፣ ስሌቱንም አስተካክሉ። ፍጥነቱ ከቀድሞው ብዙ ካልቀነሰ ተስፋ አለው። ወደ ሲሶ ከወረደ ያ የማንፈልገው ዓይነት ነው።

ሁለተኛው፣ ግሉታሚንንም ይሰብራል ወይ? ለአስፓራጂን ቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱን አብሮ የሚሰብር ኢንዛይም ከመድኃኒቱ ጉዳቶች ከፊሉ ይያያዝበታል። በአስፓራጂን ፋንታ ኤል-ግሉታሚን ያለበትን ሳህን አዘጋጁና ነጥብ አድርጉበት። ግሉታሚን ሙቀት ፈጽሞ አይችልም፤ እዚህ ላይ ያለ ፊልተር አይሆንም።

ሦስተኛው፣ 8.6 ላይ የለካችሁትን በ7.4 ድገሙት። የሰው ደም 7.4 ነው። እዚያ የማይሠራ ኢንዛይም ለምግብ ኢንዱስትሪ ይሆን ይሆናል፤ ድንች ሲጠበስ የሚፈጠረውን አክሪላማይድ ለመቀነስ አስፓራጂኔዝ ይውላልና። ለመርፌ ግን አይሆንም። ማንም ሰው ከላብ የወጣ ያልተጣራ ፈሳሽ በራሱም በእንስሳም ላይ አይሞክር፤ የባክቴሪያው የሽፋን መርዝ ብቻውን ሊገድል ይችላል።

ማንነቱን ማወቅና ፈቃድ

ግራም ስቴይን፣ በ3 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚደረገው የመጎተት ፈተና፣ ካታሌዝና ኦክሲዴዝ በአንድ ጠዋት ያልቃሉ። ዘር የሚሠራና ዘንግ መሰል፣ የማይንቀሳቀስ፣ ደም አጋር ላይ ደም የማይሰብር ነገር ከገጠማችሁ ሥራውን አቁሙ፤ ክዳኑን ሳትከፍቱ ለኃላፊያችሁ አሳውቁ፤ አባ ሰንጋ እንዲህ ነው የሚመስለው። የቀረውን 27ኤፍ እና 1492አር በሚባሉት ፕራይመሮች የባክቴሪያውን ማንነት የሚለየውን 16ኤስ ጂን በፒሲአር አባዝታችሁ፣ ወደ 1,500 የሚጠጋውን ፊደል አስነብቡ።

ማስነበቡ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ፖስታ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የአዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቡ። የጄኔቲክ ሀብት አገኛኘትን የሚመለከተው ሕግ ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያንንም ይጨምራል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለዚህ ጊዜ መድቡ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ነገር አታድርጉት። የቀፊራ አፈር ያበቀለው ነገር አንድ ቀን ዋጋ ቢያወጣ፣ ከየት እንደመጣ የሚመሰክረው ያ ወረቀትና ላስቲኩ ላይ የጻፋችሁት ቀን ነው።

ማቆየት

የተረጋገጠውን ባክቴሪያ በ20 በመቶ ግሊሰሮል ሁለት ጠርሙስ አድርጋችሁ በሁለት የተለያዩ ፍሪዘሮች አስቀምጡ። መብራት ስለሚጠፋ በፍሪዘር ብቻ አትመኩ፤ ዘንበል ብሎ የረጋ አጋር ላይ አሳድጋችሁ፣ ከላዩ የጸዳ ፈሳሽ ፓራፊን አፍስሳችሁበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ሦስተኛ ቅጂ ይኑር። የተጠቀማችሁበት ሳህንና ቱቦ ሁሉ ከመጣሉ በፊት በ121 ዲግሪ ይፈላ።

በየሦስት ወሩ አንዱን ቅጂ አንሥታችሁ ሮዙ ሳህንና ናይትሬቱ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ነጥብ አድርጉት፤ ስፋቱንም ለክታችሁ ከመጀመሪያው ቀን ቁጥር አጠገብ ጻፉት። ሳህን ከሳህን ብዙ የተመላለሰ ባክቴሪያ ጥሩ ምግብ ለምዶ ኢንዛይሙን መሥራት ሊያንስበት ይችላል። ቁጥሩ መውረድ ከጀመረ ከሳህኑ አትቀጥሉ፤ ወደ ግሊሰሮሉ የመጀመሪያ ጠርሙስ ተመለሱ።